የደጋፊ ሥጋትና የአዲስ አሠልጣኝ ዕዳ

ሰው የሚወደውን ነገር በሌላ ሰው እጅ ባኖረ ጊዜ ልቡ ሳይሠጋ አይቀርም። እናት ልጇን ለመምህር ስትሰጥ፣ ገበሬ በሬውን ለጎረቤት ሲያውስ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው «ይህ ሰው አደራዬን እንዴት ይጠብቀው ይሆን?» እያሉ ያስባሉ። በዚህም የሚነቅፋቸው የለም፤ ፍቅር ባለበት ሥጋት መኖሩ የተፈጥሮ ሕግ ነውና።

የእግር ኳስ ደጋፊም ቡድኑ አዲስ አሠልጣኝ መቅጠሩን በሰማ ጊዜ የሚያድርበት ይኸው ሥጋት ነው። ነገር ግን የእርሱ ሥጋት ከእናቲቱና ከገበሬው ሥጋት በአንድ ነገር ይለያል። እናቲቱ መምህሩ ያልተስማማት እንደ ሆነ ልጇን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልታዛውር ትችላለች፤ ገበሬውም በሬውን ያስመልሳል። ደጋፊው ግን አሠልጣኙን አልመረጠም፤ ሊሽረውም ሥልጣን የለውም፤ ቡድኑን ትቶ ወደ ሌላ እንዳይሄድም ልቡ አይፈቅድለትም። እንግዲህ ጨዋታ ብቻ ከሚመስለው ነገር ውስጥ አንድ ከባድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ ለመሾምም ለመሻርም ሥልጣን የሌለው፣ ነገር ግን ከልቡ የሚወድ ሰው፣ የሚወደውን ነገር እንዲመራ ለተሾመው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ከእርሱስ ምን ሊጠይቅ ይገባዋል? የሚል ነው።

ጥያቄው በኳስ ሜዳ አጥር ውስጥ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። አዲስ ኃላፊ የተሾመበት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ ርእሰ መምህር የመጣበት አስተማሪ፣ አዲስ አስተማሪ የገባበት ተማሪ፣ ሁሉም አንድ ቀን በዚሁ ሚዛን ፊት ይቆማሉ። እኛም ነገሩን በእግር ኳስ ምሳሌነት ለመመርመር የወደድነው፣ በኳስ ሜዳ የሰው ጠባይ ሳይሸፈን ስለሚታይ ነው።

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ቁልቁል የተዘረጋውን ጉለሌን ለሚያውቅ ሰው፣ የአሠልጣኝ መለወጥ ስንት ቤት እንደሚያንኳኳ መንገር አያስፈልግም። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ የሬዲዮውን የስፖርት ወሬ ያዳምጣል። በአዲሱ ገበያና በፓስተር ቡና ቤቶች ክርክሩ ሲግል ስኒው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። በቀጨኔም ልጆች በሁለት ድንጋይ ግብ ሠርተው ሲጫወቱ፣ ማን ተሰልፎ ማን መቅረት እንዳለበት እንደ ትልቅ ሰው ይከራከራሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሲተራረቡ የሚሰነብቱ ቢሆኑም፣ የብሔራዊው ቡድን ጉዳይ ሲነሣ ግን ጭንቀታቸው አንድ ይሆናል።

ታዲያ ይህ ጭንቀት ምንድን ነው? ከፋፍለን ብንመለከተው አራት መልክ አለው።

የመጀመሪያው የእንግድነት ሥጋት ነው። አሠልጣኙ ከውጭ አገር የመጣ እንደ ሆነ «አያውቀንም» ይባላል፤ የአገር ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ «እናውቀዋለን» ይባላል። ሁለቱም ቃላት እንደ ነቀፋ ሲነገሩ መስማት የተለመደ ነው። ሁለተኛው፣ የተሠራው እንዳይፈርስ መሥጋት ነው። የቀድሞው አሠልጣኝ በትዕግሥት ያሳደጋቸው ወጣቶች በአዲሱ ዘመን ተጠባባቂ ሆነው እንዳይቀሩ ይፈራል። ሦስተኛው የአሿሿሙ ነገር ነው፤ ሰውየው በችሎታው ተመረጠ ወይስ በትውውቅ? የሚል ነው። እነዚህ ሦስቱ ሊጠየቁና ሊመረመሩ የሚገባቸው፣ መልስም ሊሰጥባቸው የሚችል ሥጋቶች ናቸው።

አራተኛው ግን ከሁሉ የጠለቀና ከሁሉ የተሰወረ ነው። እርሱም ተስፋን መፍራት ነው። ደጋ ደጋግሞ ያዘነ ሰው እንደ ገና ተስፋ ማድረግን እንደ እሳት ይሸሻል፤ ስለዚህም አዲሱን ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር ይንቀዋል። አስቀድሞ የናቀ በኋላ አያዝንምና፣ ንቀቱ ለልቡ ጋሻ ይሆንለታል። ይህ ሥጋት የአሠልጣኙ ጉድለት ሳይሆን የደጋፊው ቁስል ነው። አሠልጣኙ ሳያቆስል ስለ ቁስሉ እንዲከፍል ይጠየቃል።

ቁስሉ ሐሰት እንዳይደለ እኛም አንስተውም። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ወደዚያ መድረክ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ብሔራዊው ቡድን በካርቱም በሱዳን 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች ብልጫ አለፈ። በደቡብ አፍሪካም የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ ቀጥሎ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ከሚያበቃው የመጨረሻ ደጃፍ ደረሰ፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያም በናይጄሪያ ተሸንፎ ከደጃፉ ተመለሰ። በዚያው ዓመት አጋማሽ፣ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ በተመለሰ ጊዜ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ያንን በር የከፈቱት አሠልጣኝ ተሰናበቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጥያቄያችን ትልቅ ትምህርት ነው። ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌና አሸናፊ በቀለ ተፈራረቁ። ከአራቱ በዚያ ወንበር ሁለት ዓመት የሞላው አንድም አልነበረም። አገሪቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015፣ በ2017ና በ2019 በተደረጉት የአፍሪካ ዋንጫዎች ሳትካፈል ቀረች። ለዚህ ሁሉ መፈራረቅ ደጋፊውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሿሚና ሻሪ እርሱ አይደለምና። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሹመት ማግሥት የሚነሣው የጥርጣሬ ድምፅ፣ ለመሻር የሚቸኩል ሿሚን ሰበብ እንደማያሳጣው ማወቅ ይገባል።

አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌባን ሹም ለመግለጽ ነው። ቃሉ ግን ሌላም ምሥጢር አለው። ዘመኑ አጭር መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ለነገ አይተክልም። በዓመቱ እንደሚሻር የተረዳ አሠልጣኝ፣ በሦስት ዓመት የሚያፈራውን የ18 ዓመት ወጣት ትቶ ለፊታችን እሑድ ብቻ የሚበቃውን ነባር ተጫዋች ያሰልፋል። እኛም «ለወጣቶች ዕድል አይሰጥም» ብለን እንነቅፈዋለን። ዛፍ እንዲተክል ጊዜ የነፈግነውን ሰው ጥላ አላገኘንበትም ብሎ መውቀስ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

ስለ ጊዜና ስለ ፍርድ ካነሣን ዘንድ፣ የሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ማስታወስ መልካም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው በዚያ ጨዋታ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታለች። የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ፣ ማለትም ግብጽ፣ በ35ኛው ደቂቃ አገባች፤ የእኛዎቹ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢሆኑ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይደሰቱበት እንደ ገና ተመሩ። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ያ ዋንጫ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ የሄደ ተመልካች ቢኖር፣ ስለ ተመለከተው ነገር ሐሰት አልተናገረም ነበር፤ ቡድኑ በርግጥ እየተመራ ነበርና። ስሕተቱ ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ መቍጠሩ ላይ ነው።

ይህን ስንል ግን «ታገሥ፤ ሁሉም መልካም ይሆናል» የሚለውን ቀላል ምክር ልንሰጥ አይደለም። ትዕግሥት ሁልጊዜ እንደማይክስ የዓለም የእግር ኳስ ታሪክ ምስክር ነው። በጉለሌ ቡና ቤቶች ሳይቀር ስማቸው የሚነሣውን የእንግሊዝ ቡድኖች እንይ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ወደ ማንችስተር ዩናይትድ የመጡት አሌክስ ፈርጉሰን የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኙት በ1990 ነው፤ በመካከሉ ግን እንዲሄዱ የሚጠይቅ ጽሑፍ በሜዳው ውስጥ በደጋፊ ተይዞ ታይቷል። በኋላ 13 ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኑ። በ1996 ከጃፓን ወደ አርሰናል የመጡትን አርሴን ቬንገርንም ብዙ እንግሊዛዊ «ማን ነው እርሱ?» ብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን በሁለተኛው ዓመት የሊጉንና የእንግሊዝን ዋንጫ በአንድ ላይ ወሰዱ። በሌላ ወገን ደግሞ በ2013 ፈርጉሰንን የተኩት ዴቪድ ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ቢሰጣቸውም፣ ዓመት ሳይሞላቸው በ2014 ተሰናበቱ። በእርሳቸው ላይ ሥጋት ያደረበት ደጋፊ በከንቱ አልሠጋም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ፈርጉሰንን በመጀመሪያው ቀን የኰነነና ሞይስን በመጀመሪያው ቀን የኰነነ ሁለት ደጋፊዎች ቢኖሩ፣ የቱ ፍትሐዊ ነው እንላለን? አንዱ ተሳስቷል፤ የሌላው ቃል ደርሷል። በግብረ ገብ ሚዛን ግን ሁለቱም የሠሩት ሥራ አንድ ነው። ሁለቱም ሥራውን ሳያዩ በሰው ላይ ፈረዱ። በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ዒላማውን ቢመታ ወርዋሪውን ዓይናማ አያሰኘውም። ስለዚህ የፍርዳችን ትክክለኛነት የሚመዘነው በኋላ በሚመጣው ውጤት ሳይሆን፣ በፈረድንበት ሰዓት በእጃችን በነበረው ማስረጃ ነው። «ብዬ ነበር!» የሚለው ቃል ደጋፊውን ያስደስተው ይሆናል እንጂ ጻድቅ አያደርገውም።

ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አንናገር ማለት ነውን? አይደለም። በዚህ ረገድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሥራ ጥሩ አስተማሪ ይሆነናል። ጋቢው ተሸምኖ ሳያልቅ፣ ታጥቦም ሳይለበስ፣ ድምቀቱንና ሙቀቱን መናገር አይቻልም። ነገር ግን ድሩ መወጠሩን፣ ክሩ በየጊዜው አለመበጠሱን፣ ሸማኔውም ማልዶ ከሥራው መቀመጡን በመጀመሪያው ቀን ማየት ይቻላል። በአሠልጣኝም ነገር እንደዚሁ ነው። ዋንጫ ያመጣ ይሆን? የሚለው ጊዜ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ልምምዱን በሰዓቱ ይጀምራልን? ተጫዋቹን የሚመርጠው በችሎታው ነውን? ለመሥራት ያሰበውን በግልጽ ይናገራልን? ሲሸነፍ ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ይጥላል ወይስ ራሱ ይሸከማል? እነዚህን ለማወቅ ሦስት ዓመት መጠበቅ አያሻም። ለእነዚህ ነገሮች ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ንቁ መሆን የደጋፊ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

የሸማኔው ምሳሌ ሌላም ነገር ያስተምረናል። አንዱ የወጠረውን ድር ሌላው ማግ ሊጨምርበት ይችላል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብሔራዊው ቡድን በባሕር ዳር ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ውበቱ አባተ ተተኩ፤ ቡድኑም በዚያው በባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፎ፣ በመጨረሻም በካሜሩን ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ይህ ድል የማን ነው? ጅማሬው የአንዱ፣ ፍጻሜው የሌላው ነው። አዲሱ ሰው የተሠራውን ያፈርሳል ብለው የሠጉ ሁሉ፣ ሥራን ተቀብሎ የሚያስከትል ሰው እንዳለ ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ። ተተኪውም ድሉ የብቻው እንዳይደለ፣ ተሰናባቹም ድካሙ በከንቱ እንዳልቀረ ይማሩበታል።

እኒሁ አሠልጣኝ ውበቱ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ጨዋታው በአገራችን ለአህጉራዊ ውድድር የተፈቀደ ሜዳ ባለመኖሩ በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነበር የተደረገው። ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ ከኃላፊነታቸው ተለዩ። መለያየቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም? የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ቡድን በገዛ አገሩ ሜዳና በገዛ ሕዝቡ ፊት መጫወት ያልቻለበትን ዘመን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ጭኖ መመዘን ለፍትሕ የሚመች አይደለም። ሜዳ የሚሠራው አሠልጣኝ አይደለም። የሕፃናትን ውድድር የሚያቋቁመው፣ ተጫዋች ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንዲያድግ መንገድ የሚጠርገውም እርሱ ብቻውን አይደለም።

ከዚህም የምንደርስበት ነገር ይህ ነው። የደጋፊ ሥጋት ብዙ ጊዜ አድራሻውን ይስታል። አሿሿሙ አላማረንም ብለን ተሿሚውን እንሰድባለን፤ ሜዳ የለንም ብለን በሜዳው ላይ በቆመው ሰው እንቈጣለን። ከመወቀስ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ግን ለቀጣሪዎች የሚቀርቡ ናቸው። ይህን ሰው በምን መመዘኛ መረጣችሁት? ስንት ዓመት ሰጣችሁት? በእነዚህ ዓመታት ምን እንዲሠራ ተስማማችሁ? መመዘኛው አስቀድሞ በግልጽ የታወቀ እንደ ሆነ ሿሚው በቁጣ አይሽርም፤ ተሿሚው በማሳበብ አያመልጥም፤ ደጋፊውም በወሬ አይፈርድም። ይህ ደንብ በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም እኩል የሚሠራ ነው።

«ገንዘቤን ከፍዬ የምገባ እኔ ነኝ፤ እንደ ፈለግሁ ብናገር ማን ይከለክለኛል?» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፣ የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ሰው ጨዋታውን የማየትና አሳቡን የመናገር መብት ገዝቷል። የሰውን ክብር ግን አልገዛም፤ ክብር በመስኮት አይሸጥምና። በሜዳ ላይ አንድ አሠልጣኝ በትውልዱ፣ በቋንቋው ወይም በመጣበት አገር ሲሰደብ፣ ስድቡ የሚያርፈው በእርሱ ብቻ ላይ አይደለም። ከተሰለፉት ተጫዋቾች መካከል የዚያው አገር ልጅ ይኖራል፤ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ሕፃንም አለ። «አጥቂ አልለወጠም» የሚለው ነቀፋ ሰውየውን ከሥራው ጋር ያገናኘዋል፤ የትውልድ ስድብ ግን ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለው፣ ሊያስተካክለው የሚችል ሰው የለም። ሊታረም ለማይችል ነገር ሰውን መንቀፍ ነቀፋ መሆኑ ይቀርና ግፍ ይሆናል።

አባቶቻችን «ተጠየቅ!» እያሉ በሚሟገቱበት ዘመን፣ ጠያቂው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ባላንጣውን አፋጥጦ ይይዘው ነበር። ነገር ግን ተጠያቂው መልሱን ሳይሰጥ ፍርድ አይወርድም። ደጋፊነትም ይህን የሙግት ሥርዓት ቢይዝ መልካም ነው። ድምፅን ከፍ አድርጎ መጠየቅ ይገባል፤ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ መፍቀድም ይገባል። የአሠልጣኝ መልስ ደግሞ በቃል የሚሰጥ አይደለም፤ በልምምድ፣ በአሰላለፍና በአንድ የውድድር ዘመን ርዝመት የሚሰጥ ነው። መልሱ ተሰምቶ ጉድለቱ በተገለጠ ጊዜ ግን፣ ዝም ማለት ትዕግሥት መሆኑ ይቀርና ቸልተኝነት ይሆናል፤ ያን ጊዜ «አልቻልክም፤ ለሚችል ልቀቅ» ማለት ከጥላቻ የሚመጣ ሳይሆን ለቡድኑ ያለብንን አደራ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ለመሾምም ለመሻርም ሥልጣን የሌለው ሰው፣ ለተሾመው ሰው ሦስት ዕዳ አለበት፤ አስቀድሞ የታወቀ መመዘኛ፣ ለሥራው የሚበቃ ጊዜ፣ ሰውነቱን የማይነካ እውነተኛ ቃል። ከእርሱም ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ትጋት፣ ግልጽነት፣ ጥፋቱን በሌላ ላይ አለመጣል። የቀረው፣ ማለትም ድልና ሽንፈት፣ በኳስ ክብነትና በባላንጣ ብርታት የተከፈለ ስለ ሆነ ማንም ለማንም በዋስትና ሊሰጠው አይችልም።

ሥጋቱ ግን ይኑር። ሥጋት የሌለው ደጋፊ ፍቅር የሌለው ደጋፊ ነው፤ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም እራቱን በሰላም የሚበላ ሰው ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ሥጋት ዘብ እንጂ ዳኛ አይደለም። ዘብ በሌሊት ኮሽታ ሰምቶ «ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ሥራው ነው፤ መልሱን ሳይሰማ የተኮሰ እንደ ሆነ ግን ምናልባት የቤቱን ልጅ ይገድላል።